ላልሰማው ከማሰማታችን በፊት

በቀድሞው ዘመን አዋጅ በገበያ ቀን ይነገር ነበር። ነጋሪት ይጎሰምና አዋጅ ነጋሪው «ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ይጀምራል። ገበያተኛውም የሰማውን ይዞ ወደየመንደሩ ይበተናል። አዋጁ ቢጥምም ቢመርም ቢያንስ የማን ቃል እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። እኛም የትእዛዙን የመጨረሻ ክፍል ብቻ ይዘን፣ የሰማነውን ላልሰማ ለማሰማት እንሽቀዳደማለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ኢንተርኔት የኢትዮጵያ ሕዝብ ጠላት ነው ከሚሉት ወገን አይደለንም። በመንግሥት ጋዜጣ ቤት በአዘጋጅነት ሠርተን እንዳየነው፣ ጋዜጣው፣ ሬዲዮኑና ቴሌቪዥኑ አንድ ዜና በአንድ ቃል ይናገሩ ነበር። ከበላይ ያልተፈቀደ አይታተምም፤ ያልታተመም እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ያንን ግድግዳ የሰነጠቀው ኢንተርኔት ነው።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1997 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ማለት ለምን እንዳስፈለገ ኋላ እንመለስበታለን።) ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ መንግሥት የሞባይል አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ዘጋ። በ2006 ደግሞ ከውጭ የሚዘጋጁ ድረ ገጾች በአገር ቤት እንዳይነበቡ ታገዱ። በጁን 2018 እገዳው ሲነሳ የተፈቱት ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከ250 በላይ ነበሩ። በማርች 2012 ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት እህታችን እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ በኢንተርኔት ዓለምን ባያዳርስ ኖሮ፣ በየአረብ አገሩ የሚደርሰው ግፍ በየሳሎኑ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ይህን ውለታ መካድ አይቻልም።

ነገር ግን ግድግዳው ሲሰነጠቅ የገባው ብርሃን ብቻ አይደለም።

እውነተኛ ምስል ይዞ ሰውን ወደሚፈልጉት መንዳት በኢንተርኔት አልተጀመረም። በሴፕቴምበር 1974፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየበት ፊልም ከቤተ መንግሥት የድሎት ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ረሃቡ እውነት ነበር። ድሎቱም እውነት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ያኔ ይህን ለማድረግ የቴሌቪዥን ጣቢያና ወታደር ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ስልክ ይበቃል። የሌላ አገር ሬሳ «የእኛ ወገን ነው» ተብሎ ይለጠፋል፤ የአምና ቃጠሎ የዛሬ ይባላል። አሁን አሁንማ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተነገረ ንግግር በሰውየው ድምፅ፣ ያልነበረ ነገር በምስል ይቀርባል።

በዚህ ላይ ገበያው አለ። ዩቲዩብ የሚከፍለው በተመልካች ብዛት እንጂ በዜናው እውነተኛነት አይደለም። «ሰበር ዜና» ተብሎ በቀይ የተጻፈውን ከፍተን ሃያ ደቂቃ ብናዳምጥ፣ ርዕሱ ላይ ያለው ነገር ውስጡ የለም። ሰውየው ግን ሒሳቡን ተቀብሏል። የከፈልነው እኛ ነን።

ጉዳዩ ገንዘብና ጊዜ ከማባከን ባያልፍ ኖሮ ባላስጨነቀን። የሚያስጨንቀን የሰው ሕይወት መሆኑ ነው። በኖቬምበር 2021፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ባሕር ዳር ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በኤፕሪል 2025ም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ከክሱ አስቀድሞ በኦክቶበር 2021 የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ፌስቡክ በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያራገበ መሆኑን መስክረዋል። ኩባንያው በየቋንቋችን የሚጻፈውን የሚከታተል በቂ ሰው ሳይቀጥር በየቋንቋችን ማትረፉ የሚያስጠይቀው ነው ብለን እናምናለን።

ሆኖም ኩባንያውን ከስሶ ራስን ነፃ ማውጣት አይቻልም። ጽሑፉን የጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያዳረሱት ግን ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት፣ በጅዳ የምንኖር ጥቂት አይደለንም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በውጭ የምንኖረው የሰማነውን አስተላልፈን በሰላም ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚደርስብን ነገር የለም። ዋጋውን የሚከፍለው በሌላው ጫፍ፣ ስሙ ወይም ብሔሩ የተጠራበት፣ ሸሽቶ የሚገባበት የሌለው ሰው ነው። ማንም የማይጠይቀው ሰው ራሱን መጠየቅ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

መንግሥት በበኩሉ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ ይላል። በፌብሩዋሪ 2020 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 ጸደቀ፤ ሐሰተኛው መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱ ይከብዳል። ችግሩ ግን ሐሰት የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? በ2014 ስድስት ጦማሪያንንና ሦስት ጋዜጠኞችን አስሮ በጽሑፋቸው ምክንያት በሽብርተኝነት የከሰሰ መንግሥት የነበረበት አገር መሆኑን አንርሳ። ሌላው መድኃኒት መዝጋት ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ጁን 30 ቀን 2020፣ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ከኦገስት 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ውጤቱስ ምን ሆነ? የዘመድን ሞት በወራት ዘግይቶ መስማት ሆነ። የዓይን ምስክር ዝም ሲል ወሬኛው ሜዳውን ብቻውን ያዘ። ጨለማ ሐሰትን አይገድልም፤ ያረባዋል።

እንግዲህ ሕጉም መዘጋቱም ካላዳነን የሚቀረው የራሳችን ሚዛን ነው። ድሮ በጋዜጣ ቤት አንድ ዜና ከሪፖርተሩ እስከ ማተሚያ ቤቱ ሲደርስ በስንት እጅ ያልፋል። ዛሬ እነዚያ እጆች የሉም፤ ስልኩን የያዘው ሰው ራሱ አዘጋጅ ሆኗል። ስለዚህ ዜና ከማስተላለፋችን በፊት የሚከተሉትን እንድንጠይቅ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማን አለው? «ታማኝ ምንጮች እንደገለጹት» ስም አይደለም። አሥር ገጽ አንዱን ቢገለብጠው አንድ ምስክር እንጂ አሥር ምስክር አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መቼ ሆነ? ይህ ለእኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ከባድ ነው። «2009» ተብሎ የተጻፈ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በአውሮፓ 2016 እና 2017 ነው። «3 ሰዓት ላይ» የተባለው ለአዲስ አበቤው ጠዋት ሲሆን ለአውሮፓው ገና ያልነጋ ሌሊት ነው። በዚህ ክፍተት ስንት ያረጀ ዜና እንደ አዲስ ዞሯል!

ሦስተኛ፣ የት ሆነ? ምስሉን በጎግል የምስል መፈለጊያ ብናስገባው ቀድሞ የት እንደወጣ ብዙ ጊዜ ይነግረናል። ባይነግረን እንኳ የመኪናውን ታርጋ፣ የሱቁን ጽሑፍ፣ የሰዎቹን አነጋገርና አለባበስ፣ ክረምት ይሁን በጋ ማየት እንችላለን። ኢትዮጵያዊ ዓይን ይህን ለማየት ትምህርት ቤት መግባት አያሻውም።

አራተኛ፣ የሚያውቅ ሰው አለን? የውጭ ጋዜጠኛ የሌለው ሀብት አለን፤ በየከተማውና በየገጠሩ እናት፣ አክስት፣ አብሮ አደግ አለን። መስመሩ ክፍት ከሆነ መደወል ነው። ግን የነገሩንን ድምፅ ቀድቶ ማሰራጨት እነሱን አሳልፎ መስጠት ነውና እንጠንቀቅ።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ዜናው ደስ አሰኘን ወይ? የማንወደውን ሰው የሚያዋርድ፣ የምንጠረጥረውን የሚያረጋግጥ ዜና ሲደርሰን እጃችን ይፈጥናል። ያኔ ነው ሁለት ጊዜ ማጣራት። ይህ ገጽ የሚያወጣውም ቢሆን ከዚህ ሚዛን ውጭ አይሁን፤ አንባቢ እኛንም ማስረጃችሁ የት አለ ብሎ ይጠይቀን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊቱን በሐሰት ወሬ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ንጋቱን አያይም። ለዚያ ሰው ሲባል አንድ ሰዓት እንታገሥ፣ እንጠይቅ፣ እናጣራ። ከዚያ በኋላ የሰማን ላልሰማ እናሰማ።