ኦሜፕራዞል ወይስ ኦፕራሲዮን? መጀመሪያ ይታይ!

እኔ የምለው… ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ «ጨጓራ» የሚባለው እስከ መቼ ነው? አስኮ ውስጥ «ጨጓራዬን» ብሎ ኦሜፕራዞል የሚገዛ ጎረምሳ ሞልቷል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ እናቱ ተልባ በጥብጣ ትጠብቀዋለች። ቃሩ ግን ሌሊት ይቀሰቅሰዋል። አሲዱ ሽቅብ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ ከጨጓራ በላይ ያለው በር መላላት ነው። ተልባ በር አይጠግንም። ኪኒኑም አሲዱን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። «ኪኒኑ አጥንት ይበላል፣ ኩላሊት ይጨርሳል፤ ኦፕራሲዮን ሁንና ተገላገል!»

ረጋ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ17,598 ሰዎች ለግማሾቹ ፓንቶፕራዞል (የኦሜፕራዞል ወንድም)፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን ሰጥቶ ሦስት ዓመት ያህል ተከታተላቸው። በግልጽ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ ከመቶ 1.0 የነበረው 1.4 ሆነ። ሦስት ዓመት ግን ዐሥር ዓመት አይደለም፤ ለዓመታት የሚውጥ ሰው ማግኒዚየሙንና ቢ12ቱን ቢያስመረምር ጥሩ ነው። በአንዴ ሲያቆሙት ደግሞ አሲዱ ለጊዜው ብሶበት ይመለሳል፤ «ሱስ ሆነብኝ» የሚያሰኘው ይሄ ነው።

ኦፕራሲዮኑስ? ሩዶልፍ ኒሰን እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው ነው፤ የጨጓራው አናት በምግብ ቧንቧው ግርጌ ዙሪያ ይጠመጠማል። የበላው ወደ አፉ ለሚመለስበት ሰው እውነትም መገላገል ነው። አንዳንዱ ግን ማግሳት ያቅተዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ምግብ አልወርድ ይለዋል። ኪኒን በሚሠራላቸው ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደህና የነበሩት በኪኒን 92፣ በኦፕራሲዮን 85 ከመቶ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ኪኒን አልሠራ ያላቸው 366 ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። 42ቱ ያንኑ ኪኒን በሥርዓቱ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ሲወስዱት ተሻላቸው። የ99ኙ ቃጠሎ ጭራሽ ከአሲድ መመለስ የመጣ አልነበረም! ተጣርተው የቀሩት 78 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱ ኦፕራሲዮን ከሆኑት 67 ከመቶው በደንብ ተሻላቸው፣ በተጠናከረ መድኃኒት ግን 28 ከመቶው።

እንግዲህ ሳይታዩ ቢላዋ ሥር መተኛትም፣ ሳይታዩ አምስት ዓመት መዋጥም ለእኔ አንድ ናቸው። ከአስኮ በዊንጌት በኩል ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። በተለይ ምግብ እየተቀረቀረባችሁ፣ ክብደት እየቀነሳችሁ ወይም ሰገራችሁ እየጠቆረ ከሆነ፣ ሌላ ፓኬት አትግዙ፤ ዛሬውኑ ሂዱ።