ዘመድ ጥየቃም ጉዞ ነው

ፎቶ ክፍል ውስጥ «ጉዞና ተፈጥሮ» ሲባል የሁላችንም ልብ ሰሜን ተራሮች ይሄዳል። ጭላዳው ያምራል፤ ማን ጠላ! እኔ ግን ካሜራው ዘመድ ጥየቃም ይውጣ ባይ ነኝ።

ካዛንቺስን እንውሰድ። ስሙ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙው ሰፈር ሲፈርስ አክስቴ ገላን ጉራ ገባች። ከቂርቆስ ሄዶ እሷን መጠየቅ አሁን ራሱን የቻለ ጉዞ ሆኗል። እንግዳ ሲመጣ የምታወጣው የልጇን የሠርግ ፎቶ ነው፤ የምታሳየው ግን ሙሽሮቹን ሳይሆን ከኋላቸው ግማሹ ብቻ የገባውን የግቢዋን ኮክ ነው። አንሺው ዛፉን ከቁብም አልቆጠረው።

ሥዕል ተምሮ በቀለም አለርጂ ምክንያት ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬ የአዲስ አበባን ፈራሽ ሰፈሮች አንስቷል። እናስ መምህሮቻችን፣ የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክት ላይ አንድ የዘመድ ግቢ ከነዛፉ ቢጨመርስ?