ውድድሩ ያለው መለዋወጫው ላይ ነው

የውድድር ብስክሌት ገዢ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙና ክብደቱ ላይ ነው። ነጋዴ ግን አስቀድሞ ማርሹን ማየት ይገባዋል። በዚህ ገበያ ሦስት ስሞች ጎልተው ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተው የጃፓኑ ሺማኖ፣ በ1933 የተቋቋመው የጣሊያኑ ካምፓኞሎ እና በ1987 ቺካጎ ላይ ሥራ የጀመረው ስራም።

ማርሽ መቀየሪያውን ከፍሬን እጀታ ጋር አዋህዶ በ1990 ቀድሞ የወጣው ሺማኖ ነው። ካምፓኞሎ በ1992 ተከተለ። ስራም በበኩሉ በ2015 ያለ ሽቦ የሚሠራ ማርሽ ይዞ ብቅ አለ።

የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ግን ለነጋዴ ትርፍ የለውም። ታደይ ፖጋቻር የ2021ን ቱር ደ ፍራንስ በካምፓኞሎ አሸነፈ። ዮናስ ቪንገጎ የ2022ን በሺማኖ፣ የ2023ን በስራም ወሰደ። ሦስቱም ያደርሳሉ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ዕቃው ሲያልቅ ነው። የአንዱ እጀታ የሌላውን ማርሽ በአብዛኛው በትክክል አይቀይርም። ሦስቱንም የሚይዝ ነጋዴ ሦስት ዓይነት መለዋወጫ ሊያከማች ነው፤ ገንዘቡም መደርደሪያ ላይ ይተኛል።

ካፒታሉ ውስን ለሆነ አስመጪ በሽቦ የሚሠራው መካከለኛው ሺማኖ ይሻላል። ባትሪም ቻርጀርም አይጠይቅም፤ መለዋወጫውም በብዙ አገር ይገኛል። ስም ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሺማኖ ራሱ በ2023 በአሜሪካና በካናዳ 760 ሺህ ያህል የፔዳል ክንዶች እንዲመረመሩ ጠርቷል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሲሰበር ማን ይተካዋል?