ማን አስታረቃቸው?

ቶምና ጄሪን ታርቀው ማየት የሚፈልግ ልጅ ኮልፌ ውስጥ የለም ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በቀደም ቅዳሜ አጠና ተራ አካባቢ አንድ ፀጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ድመቱና አይጡ ጎን ለጎን ሆነው ሽር ሽር ሲሉ ታዩ። አይጡ አንገቱ ላይ ቀይ የቢራቢሮ ከረባት አስሯል። ማሳደድ የለ፣ መጥበሻ አይወረወር። አግዳሚው ላይ እግራቸውን እያወዛወዙ የተቀመጡት ልጆች ወዲያው ተነሡበት።

«ይሄ ጄሪ አይደለም።»

«ጄሪማ ነው፤ ከረባት አርጎ ነው እንጂ።»

«ጄሪ ከረባት ያረጋል እንዴ?»

ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን ሳያጠፋ ጣልቃ ገባ። «ታርቀው ነዋ! ዕድሜ ልክ ሲጣሉ ይኑሩ?»

ታናሽ ወንድሟን ይዛ የመጣች ልጅ ግን አልተዋጠላትም። «እሺ ጋሼ፣ ማን አስታረቃቸው?»

መልስ አልነበረውም። አይፈረድበትም፤ ፊልሙን የሠሩትም ሰዎች አልነበራቸውም። (ከዚህ በታች ያሉት የፊልሞቹ ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።) ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ድመቱንና አይጡን መጀመሪያ ያወጧቸው በ1940 ነው፤ በዚያ ፊልም ላይ የድመቱ ስም ጃስፐር ነበር። እስከ 1958 ድረስ እያሳደዷቸው ሰባት ኦስካር በሉባቸው። በ1975 ደግሞ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ለቴሌቪዥን አዲስ ተከታታይ ሠሩ። ጊዜው አሜሪካ ውስጥ የቅዳሜ ጠዋት የልጆች ፕሮግራም ላይ ዱላና ፍንዳታ በዛ ተብሎ ጩኸት የበረታበት ነበርና፣ የትናንት ባላንጣዎች አብረው አገር የሚዞሩ ጓደኛሞች ሆነው መጡ። ከረባቷም የዚያን ጊዜ ናት። ሽማግሌ አልተላከ፣ ካሳ አልተከፈለ፣ ይቅር አልተባባሉ። በእኛ አገር ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይታረቁም።

ልብ አድርጉ፣ ልጅቷ «ለምን ታረቁ» አላለችም። መታረቃቸውን ልትቀበል ዝግጁ ናት። የቀራት ነገር ከትናንቱ ጠብ ወደ ዛሬው ፍቅር የተሻገሩበት መንገድ ነው፤ እሱን አላሳዩአትም። የገፀ ባሕርይ ወጥነት ሲባል ብዙ ሰው ድርቅና ይመስለዋል፤ ቁጡው ሁሌ እንዲቆጣ፣ ፈሪው ሁሌ እንዲፈራ መፈለግ። ልጆቹ ግን የሚጠይቁት ይህን አይደለም። ፈሪው አንድ ቀን ሲደፍር እንዲያውም ያጨበጭባሉ፤ ምን እንዳስደፈረው ካዩ።

የሰፈራችን ልጆች ለዚህ ዓይነት ክርክር የተካኑበት ምክንያት አለ። ፊልም የሚያገኙት በአብዛኛው ፍላሽ ላይ አስጭነው ነው። ጫኙ ልጅ «ቶምና ጄሪ» የሚል ስም ያለውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ ይከተዋል፤ የ1940ዎቹ፣ የ1975ቱ፣ የቅርብ ጊዜዎቹ ሁሉ ተደባልቀው። በመሃል ደግሞ በ1961 እና 62 ጂን ዳይች የሚባል አሜሪካዊ ፕራግ ላይ ያሠራቸው 13 ፊልሞች አሉ። እዚያ ማሳደዱ አልቀረም፤ ቢሆንም ድምፁም እንቅስቃሴውም እንግዳ ነው። ሰዓሊዎቹ ከቀደሙት ፊልሞች ያዩት ጥቂቱን ብቻ ነበር ይባላል። እንግዲህ አንድ የኮልፌ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት ዓይነት ቶም ያያል ማለት ነው። ማንም ሳይነግረው ደግሞ ይለያቸዋል፤ «ይሄ እውነተኛው ነው፣ ያ ፎርጅዱ ነው» እያለ። ፕራግ ከነበሩት ሠራተኞች ይልቅ እሱ ብዙ አይቷላ!

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ተረቱ የሚያስቀው እኛ ስለምናውቀው ነው። ቁርበቱን ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን፤ ያ አገር ግን አያውቅም። የተከታታይ ፊልም ደራሲ ትልቁ ችግር የማያውቁት አገር የሌለው መሆኑ ነው። ገፀ ባሕርይው ከእሱ ወረቀት ይልቅ በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ይኖራል። ወረቀቱ ይሰረዛል፤ ትዝታው ግን በደራሲው እጅ የለም።

ይህን በደንብ የተማሩት የሲምፕሰንስ ሰዎች ይመስሉኛል። በዚህ የአሜሪካ አኒሜሽን ውስጥ ስኪነር የሚባል የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አለ፤ ደረቅ፣ ሕግ አክባሪ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። በመስከረም 1997 በታየ አንድ ክፍል ሰውየው ስኪነር እንዳልሆነ፣ በቬትናም ጦርነት ሞተ የተባለን የሌላ ወታደር ስም ወስዶ እንደሚኖር ተገለጠ። አድናቂዎች ተቆጡ። የስኪነርን ድምፅ የሚሠራው ሃሪ ሺረር ራሱ ተመልካች ለዓመታት ያከማቸውን ነገር መጣል ነው ሲል በይፋ ተቃወመ። በክፍሉ መጨረሻ ዳኛ ቀርቦ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው እንዲሆን፣ ማንም ጉዳዩን እንዳያነሣ ያዝዛል። ደራሲው ኬን ኪለር ግን እስካሁን አልተጸጸተም፤ ታሪኩ ለውጥ በሚጠሉ ሰዎች ላይ የተሠራ ቀልድ ነው ባይ ነው።

እኔ ለኪለር ግማሹን እሰጠዋለሁ። ቀልዱ ብልህ ነው። ነገር ግን የስኪነር ነገር ከጄሪ ከረባት ይብሳል። ጄሪ ያለ ምክንያት ተለወጠ፤ ትናንቱ ግን ትናንት ሆኖ ቀረ። ስኪነርን በተመለከተ ምክንያቱ በሽ በሽ ነው፤ የተወሰደብን ግን የኋላው ነው። ስምንት ዓመት ያየነው ሁሉ ውሸት ነበር ተባልን። እንዲህ ሲባል ሰው ቢቆጣ ለውጥ ጠላ አይባልም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ በቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት ላይ ወጥነት ያየነው መጀመሪያ በአንድ ሰው ነበር። አባባ ተስፋዬ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያው ሰላምታ፣ በዚያው ድምፅ መጡ። መንግሥት ሲለዋወጥ እሳቸው አባባ ተስፋዬ ነበሩ። በእሳቸው ተረት ጦጣ ብልጥ ናት፣ ጅብ ሆዳም ነው፤ ማንም አይከራከርም። ቀጥሎ በእኛው አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ይዘው ሲመጡ ነገሩ ከበደ። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፤ ቀጭኔ ግን በተረታችን እንደ ጅብ የታወቀ ጠባይ የለውም። ጠባይዋን ከባዶ፣ በየክፍሉ መገንባት ነበረባቸው። ሠርተውታል ባይ ነኝ። ጠያቂ ልጅ ናት፤ ሌላውን ብንረሳ ይህን አንረሳም። ከእሷ በኋላ በዚያው ቤት የተሠራው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ሦስት ልጃገረዶችን ይዞ እንደ ወር አበባና ያለዕድሜ ጋብቻ ያሉ ከባድ ጉዳዮች ውስጥ ገባ።

ከእነዚህ ወዲህ በየጣቢያው ብዙ የልጆች ዝግጅት መጥቷል። በብዛት የማየው ጉድለት አንድ ነው፤ ገፀ ባሕርይው ለሳምንቱ ትምህርት ማገዶ ይሆናል። የሳምንቱ ርዕስ «መካፈል» ከሆነ፣ እስካለፈው ሳምንት እንጀራዋን ለሁሉ ስታጎርስ የነበረችው ልጅ በድንገት ንፉግ ትሆናለች። ምክር ይሰጣታል፣ ታለቅሳለች፣ ትካፈላለች፣ ዘፈን ይዘፈናል። ርዕሱ «እውነት መናገር» ሲሆን ደግሞ ያችው ልጅ ውሸታም ሆና ትመጣለች። እቤት ያለው ልጅ ከዚህ የሚማረው መካፈልን አይደለም፤ ትልልቅ ሰዎች ሊመክሩህ ሲፈልጉ መጀመሪያ ጥፋት እንደሚፈልጉልህ ነው። አዘጋጆቹን ስጠይቅ «ለልጆች እኮ ነው፣ ማን ያስተውላል?» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ልጅ የማያስተውል የሚመስለው ያስተዋለውን ሁሌ ስለማይናገር ነው።

ንፉግ ከተፈለገ ከመጀመሪያውም ንፉግ የሆነ አንድ ልጅ ታሪኩ ውስጥ ይኑር፤ እንዲያውም ደስ የሚል ንፉግ። መካፈሉን በአሥር ሳምንት ቀስ እያለ ይማር፤ አንዳንዴም ያገርሽበት። በጀት የለንም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ስንት ድካም እንዳለበትም አይጠፋኝም። ይህ ግን ገንዘብ አይፈልግም። እያንዳንዱ ገፀ ባሕርይ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ከማን ጋር እንደተጣላና እንዴት እንደታረቀ የሚመዘገብበት አንድ ደብተርና ደራሲው ሲቀየር ደብተሩን የሚያስረክብ ሰው ይበቃል። ስክሪፕቱ ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ከአየር ጤናም ሆነ ከቤተል አምስት ልጆች ተጠርተው ይነበብላቸው። «እሷ እንዲህ አትልም» ያሉበት መስመር ይሠረዝ። ለአማካሪ የሚከፈለው አበልም ለእነሱ ይከፈል፤ ብስኩትና ጁስ ሰጥቶ መሸኘት አይሠራም።