ስለ ጭድ ተራና ስለ ሰፈር አስተዳደር

መርካቶን የሚያውቅ ሰው መንገድ ሲጠየቅ፣ ቀበሌም ወረዳም ሳይጠቅስ «ጭድ ተራ ነው» ብሎ ያመለክታል። ይህን ስም ያወጣለት አዋጅ የለም፤ የተገኘው ከገጠር በአህያ ጀርባ እየተጫነ ይመጣ ከነበረው ጭድ ነው። ጭድ ለከብት ቀለብ ይሆናል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ቤት ይሠራበታል። መራጊው አፈሩን ቆፍሮ ውኃ ካጠጣ በኋላ ጭዱን እየነሰነሰ በእግሩ ያቦካዋል፤ ለቀናት አክርሞም እንደገና ይረግጠዋል፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ በደረቀ ጊዜ ይሰነጠቃልና። የሰፈር አስተዳደርም፣ ነዋሪው በአሳቡና በገንዘቡ ካልገባበት፣ ወሰን ቢከለልለትና ቁጥር ቢሰጠው እንኳ እንደማይጸና አምናለሁ።

በአሜሪካ አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 በወጣው የመሬት ድንጋጌ፣ ገና ያልተሸጠው ምድር ጎኑ ስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን እየተሸነሸነ ታውንሺፕ ተባለ፤ እያንዳንዱም በ36 ተከፍሎ 16ኛው ክፍል ለትምህርት ቤት ተለየ። ወንዝና ኮረብታ ሳይለይ የተሠመረ ወሰን ከሰው ኑሮ ጋር ምን ዝምድና አለው ያሰኛል። ዳሩ ግን በሚኔሶታ የታውንሺፕ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በማርች ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ተሰብስበው፣ የሚከፍሉትን ግብር ራሳቸው በድምፅ ይወስናሉ። ለዚያ ባዶ አራት ማዕዘን ነፍስ የዘራበት ይህ ጉባኤ ነው።

በእኛም አገር በ1967 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ አዋጆች ወጡ። የየካቲቱ ቁጥር 31 ገበሬውን 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ያህል በሚሆን መሬት ላይ በማኅበር ሲያደራጅ፣ የሐምሌው ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አድርጎ ከተሜውን በቀበሌ አሰባሰበ። ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶችንም ያስተዳድር ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ የነዋሪው ማኅበር የመንግሥት ዓይንና ክንድ ሆነ፤ በዘመነ ቀይ ሽብር ስንት እናት በቀበሌ ደጃፍ ቆማ አለቀሰች! ከዚያም በ1995 ዓ.ም. የክፍለ ከተማ አደረጃጀት መጣ፤ ቀበሌዎች ተዋሕደው ኋላም ወረዳ ተባሉ፤ ማኅተሙ በተለወጠ ቁጥር ነዋሪው ፋይሉን ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ።

ሕዝቡ ራሱን ሊያስተዳድር አይችልም የሚል ቢኖር፣ የመርካቶን ታሪክ ይመልከት። ጣሊያን በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ፣ የአገሬው ሰው ከነጩ ተለይቶ እንዲገበያይ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ባዛወረው ጊዜ፣ የከለለው ቦታውን ብቻ ነው፤ ሸማ ተራን፣ በርበሬ ተራን፣ ሳጥን ተራን፣ ጭድ ተራን ያቋቋመው ነጋዴው ነው። ዕድሩ ያለ ዘበኛና ያለ ክስ መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን በመዝገብ ይጠብቃል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ዳኛውንም በአባላቱ ፈቃድ ይሾማል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት፣ የአዲስ አበባ ነጋዴና ሠራተኛ ከኪሱ እያዋጣ ለትውልድ አገሩ መንገድ ያስጠረገበት ማኅበር ነበር። ጉባኤውም፣ ሣጥኑም፣ እርስ በርስ መተማመኑም በእጃችን አሉ፤ የጎደለው ይህ ኃይል ስለ ገዛ መንደሩ በሕግ የሚቆርጥበት ሥልጣን ነው። የጎረቤቱን ቀብር የሚያሰናዳ ሕዝብ የደጁን ቦይ ጉዳይ ሌላ እንዲወስንለት መጠበቁ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለወረዳው ሹማምንት አንድ ልመና አቀርባለሁ። በዓመት አንድ ቀን የጭድ ተራን ነዋሪና ነጋዴ ሰብስቡ፤ ለሰፈሩ የተመደበውን ገንዘብ ቆጥራችሁ በፊቱ አስቀምጡ፤ የትኛው ቦይ አስቀድሞ እንዲጠረግ፣ የትኛው መተላለፊያ እንዲሰፋ እርሱ ይቁረጥ፤ እናንተም የቆረጠውን ፈጽሙ።