መቅረቱ የሚጠየቅ እንግዳ

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ከተማ ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቤት ኪራይ፤ ስለ ልጆች ትምህርት ቤትና ስለ ደመወዙ ነው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ አሳቦች ናቸው። ነገር ግን ቤቱ ከተገኘ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም የማታው ሰዓትና የዕረፍቱ ቀን ነው። ከሥራ በኋላ ወዴት ይኬዳል? ከማንስ ጋር ይጫወቷል? አባቶቻችን «ለአገሩ እንግዳ፤ ለሰዉ ባዳ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። እንግዳ ማለት ለቦታው አዲስ የሆነ፤ ባዳ ማለት ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ማለት ነው። እንግድነት በጊዜ ብዛት ይለቅቃል፤ ባዳነት ግን በሰው ካልሆነ በጊዜ ብቻ አይለቅቅም።

ይህን ነገር ዛሬ የምንመለከተው በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፤ ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ስለ ሆነች፤ ከመነሻዋም የመጤዎች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ሳውዝ ሲ በከተማይቱ ደቡብ፤ በሞምባሳ መንገድና በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ይገኛል። ከዚያም ወዲያ በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ስላለ፤ አንበሳና ቀጭኔ ለሰፈሩ ነዋሪዎች ሩቅ ጎረቤቶች ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ የልዩ ልዩ ነገድና ሃይማኖት ኬንያውያን፤ ከጎረቤት አገሮችና ከሩቅም ከመጡ ሠራተኞች ጋር ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከቤቶቹ ብዙዎቹ የግንብ አጥርና ዘበኛ የሚጠብቀው በር አላቸው። አጥሩ ሌባን ይከለክላል፤ ነገር ግን ጎረቤትንም ይከለክላል። ከውጭ አገር የመጣው ሠራተኛ ከአጥሩ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ፤ ከመሥሪያ ቤቱም ተመልሶ ወደ አጥሩ ይገባል። በዕረፍት ቀን የአገሩን ሰዎች ብቻ ይጠይቃል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ቢቀመጥ፤ ናይሮቢን አየ እንጂ ናይሮቢ ኖረ ለማለት ያስቸግራል። ይህን አጥር ከሚያልፉባቸው ብዙ በሮች መካከል ሁለቱን እናነሣለን፤ አንደኛው የፍላጻ ጨዋታ፤ ሁለተኛው በማኅበር የሚደረግ የእግር ጉዞ ነው።

ዳርትስ የሚባለው የፍላጻ ጨዋታ እንግሊዞች በየመጠጥ ቤታቸው የሚወዱት ሲሆን በኬንያም ተለምዷል። ሰሌዳው ክብ ሆኖ በ20 ክፍል የተከፈለ ነው። መካከለኛዋ ነጥብ ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላ ትሰቀላለች፤ ወርዋሪውም 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል። እያንዳንዱ በተራው ሦስት ፍላጻ ይወረውራል። በተለመደው ጨዋታ ከ501 ተጀምሮ የተገኘው ነጥብ እየተቀነሰ ወደ ዜሮ ይወረዳል፤ የመጨረሻው ፍላጻ ግን ነጥብን እጥፍ በሚያደርገው በቀጭኑ ክበብ ወይም በመካከለኛዋ ነጥብ ላይ ማረፍ አለበት። ሰሌዳውን ያዘጋጀው ሰው ተንኰል ያውቅ ነበር፤ 20ን ከላይ አድርጎ በግራና በቀኙ 5ንና 1ን አስቀምጧል። ስለዚህ በችኮላ ሃያን የተመኘ ሰው ብዙ ጊዜ አንድን ይዞ ይመለሳል።

ይህ ጨዋታ ለኬንያ ባዕድ ነው አይባልም። ጥሩ ሰሌዳ የሚሠራው ከቃጫ ነው፤ ቃጫም በኬንያ ይበቅላል፤ በዓለም ስማቸው ከታወቀ ሰሌዳዎችም ብዙዎቹ በዚያው ይሠራሉ። በዲሴምበር 2025 ለንደን ላይ በተደረገው የዓለም ውድድር ዴቪድ ሙንዩዋ የተባለ ኬንያዊ የእንስሳት ሐኪም ሁለት ዙር ከተሸነፈ በኋላ ተጽናንቶ፤ የቤልጅጉን ማይክ ደ ዴከርን 3 ለ 2 ረትቷል።

ለእንግዳው የሚጠቅመው ግን ድሉ ሳይሆን ተራው ነው። በሰሌዳው ፊት ሹሙና ሹፌሩ እኩል ናቸው፤ የሚጠየቀው «ማዕርግህ ምንድን ነው?» ሳይሆን «ተራው የማን ነው?» ተብሎ ነው። በአገራችንም በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ እንደሚሯሯጡ፤ በዚያም ላይ ቁጣ እንደማይገባ የታወቀ ነው። በብዙ ቦታም ቀጣዩ ባለተራ ነጥብ እንዲጽፍ ልማድ ስለ ሆነ፤ እንግዳው ወዲያው ሥራ ያገኛል። ጠመኔ ይዞ በሌላ ሰው ቋንቋ ሲቀንስ ያመሻል፤ ሞጃ፤ ምቢሊ፤ ታቱ እያለ የስዋሂሊን ቁጥር ይለምዳል። ቢሳሳት ይሳቅበታል፤ ነገር ግን የሳቁበት ሰዎች ያርሙታል። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ይህን ልብ በሉ፤ ቃል ከመጽሐፍ ይገኛል፤ አንደበት ግን የሚፈታው ሰው በተሰበሰበበት ነው።

ጨዋታው መልካም ቢሆንም ቦታው መጠጥ ቤት መሆኑን አንዘነጋም። ባል ወዳጅ ሲያበዛ ሚስት ከልጆች ጋር በባዕድ አገር ብቻዋን የምታመሽ ከሆነ፤ ቤቱ ምን አተረፈ? ስለዚህ ለፍላጻው በሳምንት አንድ ማታ ይበቃል፤ ለስላሳ መጠጥ ይዞ መጫወትም ነውር የለበትም። ሌላው የዕረፍት ቀን ለቤተ ሰብ መሆን አለበትና ሁለተኛው በር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ናይሮቢ ለእግረኛ የታደለች ከተማ ናት። በደቡብ ምዕራብ በኩል እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓ ተራ በተራ የቆሙት የንጎንግ ኮረብታዎች አሉ፤ ከፍተኛው ጫፋቸው 2,460 ሜትር ነው። ወደ ናይቫሻ በሚወስደው መንገድ ደግሞ 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው የሎንጎኖት እሳተ ገሞራ ተራራ ይገኛል፤ እስከ አፋፉ ወጥተው ጉድጓዱን ሊዞሩት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ዝቋላን የወጣ ኢትዮጵያዊ ይህን ቦታ ሲያይ አገሩን ያስታውሳል፤ እርሱም ጫፉ የተቦረቦረ የጥንት እሳተ ገሞራ ነውና። ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል አረጋዊውና ሕፃኑ፤ መነኩሴውና ነጋዴው አንድ ላይ ወደዚያ ተራራ ሲወጡ የኖሩ ስለ ሆነ፤ በማኅበር መጓዝ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

በኬንያ የተራራ ወጪዎች ክበብ በ1949 ተመሥርቷል፤ አባሎቹም ለረጅም ዘመን የተሰበሰቡት ለሳውዝ ሲ ቅርብ በሆነው በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ዛሬ ከዚህ ሌላ ብዙ ትንንሽ የእግረኞች ማኅበሮች አሉ። ለብቻ ወደ ኮረብታ መውጣት ለአደጋ ስለሚያጋልጥ በቡድን መሄድ የጥንቃቄም ጉዳይ ነው። በመንገድ ላይ የሚሰማው ቃል «ፖሌ ፖሌ» ነው፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። የቡድኑ ፍጥነት የሚለካው በፈጣኑ ሳይሆን በዘገምተኛው ነው። ወደ ኋላ የቀረው እስኪደርስ ይቆማሉ፤ ውኃና ብርቱካን ይካፈላሉ፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊትም ሰው ይቈጠራል።

ጉዞ ለተጨነቀ ልብ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በዚያው በኬንያ አለ። ፌሊቼ ቤኑዚ የኢጣልያ መንግሥት አገራችንን በወረረበት ዘመን በአስተዳደሩ ያገለግል የነበረ ሰው ነው። እንግሊዞች ማርከው በናንዩኪ የእስረኞች ሰፈር አስቀመጡት። በ1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከቁርጥራጭ ብረት የመውጫ መሣሪያ ሠርቶ አመለጠ፤ የሸሸውም ወደ አገሩ ሳይሆን በየቀኑ ከአጥር ውስጥ ወደሚያየው ወደ ኬንያ ተራራ ነበር። ከአንዱ ጓደኛው ጋር ሌናና የተባለውን 4,985 ሜትር ጫፍ ከረገጠ በኋላ፤ ሦስቱም ተመልሰው በገዛ እግራቸው ወደ እስር ቤቱ ገቡ። ከመጣበት ወረራ ጋር ምንም ፍቅር የለንም፤ ነገሩ ግን ያስተምራል። ሰውን የሚያደቀው የአጥሩ ጥበት ብቻ ሳይሆን፤ የሚጠብቀው ቀን ማጣቱም ነው።

የሚረገጠውም መንገድ ታሪክ አለው። በናይሮቢ ሰሜን ቤተ ሰቦች ከልጆቻቸው ጋር የሚዘዋወሩበት የካሩራ ደን፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግንባታ ተሸንሽኖ ሊጠፋ ነበር። ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቻቸው ስለ ደኑ ተሟገቱ፤ በጃንዋሪ 1999 ችግኝ ሊተክሉ በሄዱ ጊዜም ተደበደቡ። እኒህ ሴት በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። በዚያ ጥላ ሥር የሚያርፍ እንግዳ ጥላው በነጻ እንዳልተገኘ ቢያውቅ፤ ለአገሩ ሰዎች ያለው አክብሮት ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ዕድርተኛ ከቀብር ሲቀር መቀጫ ይከፍላል። መቀጫው ቅር ያሰኘው ይሆናል፤ ነገር ግን መቅረቱ መቈጠሩን ያውቃል። በሳውዝ ሲ የሚኖረው እንግዳም ባዳነቱ የሚለቅቀው በግብዣ ብዛት አይደለም። ሐሙስ ማታ ተራው ደርሶ እርሱ ሲታጣ «ምን ነካው? ታሞ ይሆን?» የሚል ሰው ሲያገኝ፤ ባለቤቱም ከጉዞ ስትቀር ስልክ የሚደውልላት ሴት ስትኖር፤ ያን ጊዜ ሰው አገኙ ይባላል።

ስለዚህ ለሥራ ወደ ባዕድ አገር ለሚሄዱ ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው። አንደኛ፤ በደረሱ በመጀመሪያው ወር የአገሩ ሰዎች በተወሰነ ቀን የሚሰበሰቡበትን አንድ ማኅበር ይፈልጉ፤ ጨዋታው ምንም ይሁን ምን። ሁለተኛ፤ ተመልካች ሆነው አይቀመጡ፤ ነጥብ መጻፍም ቢሆን፤ ውኃ መሸከምም ቢሆን አንዲት ትንሽ ሥራ ይያዙ። ሦስተኛ፤ ከሁለት ቀን አንዱ የቤተ ሰብ ይሁን። የአገልግሎት ዘመናቸው አልቆ ሲመለሱም ቦታቸውን ባዶ ትተው አይሂዱ፤ ትናንት የመጣውን ሌላ እንግዳ በእጁ ይዘው በሰሌዳው ፊት ያቁሙት፤ ተራውንም ይስጡት።