ጠንክሮ የጎተተ ይረታል

ክረምት ሲገባ አዳማና መልካሳ እንግዳ ልጆች አያጡም። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገር አያት ሊጠይቁ የሚመጡ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚኮላተፉ ልጆች። አብዛኞቹ ነሐሴ ላይ ይመለሳሉ። አንዳንዱ ግን ይቀራል። አባት ወይም እናት ፓስፖርቱን ቆልፎ «ልጄን ባገሬ አሳድጋለሁ» ይላል። ሌላኛው ወላጅ ከባሕር ማዶ ይደውላል፤ ስልኩ አይነሳም።

ሰፈሩ ምን ይላል? «እሰይ! ልጁን ከፈረንጅ ባህል አዳነው!» ጎበዝ፣ እስቲ ቆም ብለን እንነጋገር። ከትምህርት ቤቱ፣ ከጓደኞቹ፣ አፉን ከፈታበት ቋንቋና ከአንድ ወላጁ በአንድ ጀንበር የተነጠለ የስምንት ዓመት ልጅ ከምኑ ነው የዳነው?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰብ ሲል የፓስፖርቱን ቀለም አይጠይቅም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ ከወላጅ አባት ይልቅ ላሳደገች አክስት ፈርዷል። ከደም ይልቅ የልጁ ጥቅም ይቅደም ማለቱ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ድንበር የሚሻገር ክንድ! እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አግባብ ተወስዶ ወይም ተይዞ ሲገኝ፣ ወደኖረበት አገር ቶሎ እንዲመለስና የማሳደግ ክርክሩ እዚያው እንዲታይ ያደርጋል። ከ100 በላይ አገሮች ገብተውበታል፤ ሞሮኮ፣ ደቡብ አፍሪካና ቡርኪና ፋሶ ሳይቀሩ። ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። ስለዚህ የውጭ ፍርድ ይዞ የመጣ ወላጅ የሚጠብቀው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 458 ገና ከመነሻው «ያ አገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለገንዘብ ክርክር ይሁን። ልጅ ግን የመንግሥታት ብድር መመላለሻ ነው እንዴ?

«ከሚደበድብ ባል ያመለጠች እናት በሄግ ሕግ ልጇን ትነጠቃለች» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተረት አይደለም። ነገር ግን መመለሱ ልጁን ለከባድ አደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ዳኛው እንዲከለክል የስምምነቱ አንቀጽ 13 ይፈቅዳል፤ ነገር ማመዛዘን የጀመረ ልጅም «አልሄድም» ሲል ይደመጣል። አሁን ማን እየሰማው ነው? ደግሞስ ነገ ልጇ ከአዳማ ተወስዶ ባሕር ማዶ የቀረባት እናት የማንን በር ታንኳኳ?

በርቶልት ብሬሽት «የካውካሰስ የጠመኔ ክበብ» በተባለው ቴአትሩ አንድ ዳኛ ያመጣል። ዳኛው ልጁን በጠመኔ ክበብ መሐል አቁሞ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እንዲጎትቱት ያዛል። የሚፈርደው ግን ልጁ እንዳይጎዳ ብላ ለለቀቀችው ነው። እኛ ዘንድ ጠንክሮ የጎተተ ይረታል፤ ፓስፖርት የቆለፈ ይረታል።

መንግሥት ስምምነቱን ይቀበል። እስከዚያው ዳኞቻችን ቀጠሮ ከማብዛት ልጁን አስጠርተው ይስሙት። የሰፈር ሽማግሌዎችም «እሰይ» ከማለታቸው በፊት ያ ስልክ እንዲነሳ ያድርጉ።